ካህን የጦር አለቃ በሆነ ጊዜ

ለብዙ ዓመታት ሳስተምር፣ ትምህርት ሊዘጋ አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ፈተናው አልቆ ልጆቹ ሥራ ፈትተው በሚቀመጡበት ሰዓት፣ የካሚሎ ቶሬስን ታሪክ እነግራቸው ነበር። ታሪኩን እኔም የሰማሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለሁ ከአንድ የውጭ አገር መምህር ነው። መምህራችን ሲነግረን በሩን ዘግቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ነበር፣ ነገሩ ከራሱ ውበት በላይ የምስጢር ጣዕም ነበረው። እኔም መምህር ከሆንሁ በኋላ እንዲሁ በሩን እዘጋ ነበር፤ የሚከለክለኝ ሰው ሳይኖር።

ከዕለታት አንድ ቀን ታሪኩን ጨርሼ ልጆቹ ጸጥ ብለው ሳሉ፣ ከኋላ ከተቀመጡት አንዲት ልጅ እጅዋን አንሥታ፣ «መምህር፣ እርሱስ ሰው ገድሏል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«በመጀመሪያው ውጊያ ሞተ እኮ ነው የምልሽ» ብዬ መለስሁላት።

«እንግዲያውስ ጊዜ አላገኘም» አለች።

ልጆቹ ሳቁ፤ እኔም ከእነርሱ ጋራ ሳቅሁ፤ ደወሉም ተደወለ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን የልጅቱ ቃል እንደ እሾህ ይወጋኝ ጀመር። የጠየቀችኝ ስለ ካሚሎ ብቻ አልነበረም። እርሱ ከሞተ በኋላ ጊዜ ያገኙት ምን እንዳደረጉ መጠየቋ ነበር፤ እኔ ደግሞ ታሪኩን ሁልጊዜ የምጨርሰው እርሱ ሲሞት ነው። ዛሬ የምጽፈው ያን ቀን ልመልስላት ይገባኝ የነበረውን ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባቢዬ ልብ ይበልልኝ።

በመጀመሪያ፣ ስነግር የኖርሁትን እንደ ልማዴ ላስቀድም። ካሚሎ ቶሬስ ሬስትሬፖ በ1929 ዓ.ም. በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ተወለደ። አባቱ የታወቀ የሕፃናት ሐኪም ነበር፤ ልጅነቱም ችግር የማያውቀው ነበር። ሕግ መማር ጀምሮ ተወውና ወደ ዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት ገባ። በ1954 ክህነት ተቀበለ። ከዚያም ወደ ቤልጅግ አገር ተልኮ በሉቫን ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብን ኑሮ የሚመረምረውን ትምህርት ተምሮ ተመለሰ፤ በአገሩም በብሔራዊው ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎቹ ነፍስ አባት ሆነ፤ ኦርላንዶ ፋልስ ቦርዳ ከተባለው ሊቅ ጋራም ሆኖ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ ትምህርት አቋቋመ። ፎቶግራፉን ያየ ሰው እንደሚያውቀው መልከ መልካም፣ ፒፓ የሚያጨስ፣ ፊቱ ፈገግታ የማይለየው ሰው ነበር።

አገሩ ግን የምታስቅ አልነበረችም። በሚያዝያ 1948 ድሆች ተስፋ ያደረጉበት ሆርሄ ኤሊዬሴር ጋይታን የተባለው መሪ በቦጎታ አደባባይ ተገደለ፤ ከዚያ በኋላ ሊበራልና ኮንሰርቫቲቭ የተባሉት ሁለት ወገኖች እርስ በርሳቸው ተፋጅተው ሁለት መቶ ሺሕ ያህል ሰው አለቀ። በ1958 የሁለቱ ወገን ታላላቅ ሰዎች ታርቀው መንግሥትን በየተራ ለመያዝ ተዋዋሉ። ዕርቁ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ለታላላቆቹ ብቻ ነው የሆነው። ከሁለቱ ወገን ያልሆነ ሰው በሥልጣን ደጃፍ ማለፊያ አላገኘም፤ መሬቱም በጥቂቶች እጅ እንዳለ ቀረ። ካሚሎ ይህን ያወቀው በወሬ አይደለም፤ የድሆችን ሰፈር ቤት ለቤት እየዞረ ያጠና ሰው ነበርና።

በ1965 ዓ.ም. የተባበረ ግንባር የሚባል ማኅበር አቋቁሞ በየከተማው እየዞረ ይናገር ጀመር። የቦጎታው ካርዲናል ሉዊስ ኮንቻ ተቈጣ። ካሚሎም በዚያው ዓመት በሰኔ ከክህነት ሥራው እንዲሰናበት ጠይቆ ተፈቀደለት። የሰጠውም ምክንያት፣ ባልንጀራውን በእውነት ለመውደድ ሲል ቅዳሴን እንደሚያቆምና ፍትሕ በአገሩ በሆነ ጊዜ ተመልሶ እንደሚቀድስ የሚገልጽ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ላይ የብሔራዊ ነጻነት ሠራዊት ወደሚባሉት የደፈጣ ተዋጊዎች ዘንድ ጫካ ገባ። የካቲት 15 ቀን 1966 ፓቲዮ ሴሜንቶ በሚባል ስፍራ ወታደሮችን ለመምታት በተደረገ ደፈጣ፣ በመጀመሪያ ውጊያው፣ የወደቀ ወታደር ጠመንጃ ሊያነሣ ሲሄድ ተመታ ይባላል። ዕድሜው ሠላሳ ሰባት ነበር።

የመንግሥቱ ጦር አዛዥ ኮሎኔል አልቫሮ ቫሌንሲያ ቶቫር ከካሚሎ ጋራ ቀድሞ የሚተዋወቅ ሰው ነበር። ይህ ኮሎኔል በኮሪያ ጦርነት ከዘመተው ከኮሎምቢያ ሻለቃ ጋራ የዘመተ መኮንን ነው፤ የእኛም ቃኘው ሻለቃና የኮሎምቢያው ሻለቃ በአንድ ሰባተኛ ክፍለ ጦር ሥር ተሰልፈው እንደ ነበር ስነግራቸው ልጆቹ ደስ ይላቸው ነበር። ጦሩ የካሚሎን መቃብር ለብዙ ዓመታት ሰውሮ አቆየው። የሟች መቃብር ሲሰወር ስሙ እንደሚገን ያላወቀ አዛዥ ነው ማለት ነው።

እንግዲህ እኔ በዚህ ላይ አበቃ ነበር። የታሪኩም ችግር እዚህ ላይ ነው። ካሚሎ በዱር የቆየው ጥቂት ወር ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ አላዘዘም፤ አልፈረደም፤ ቤዛ አልተቀበለም፤ የተማረከ ሰው ፊቱ ቀርቦ ይሙት ወይስ ይዳን ተብሎ አልተጠየቀም። ጠመንጃ ያነሣ ካህን ምን እንደሚሆን እርሱ አላሳየንም፤ ያሳየን ሊያነሣ የሄደ ካህን ምን ያህል መልካም ልብ እንዳለው ብቻ ነው። እኛ ተራኪዎቹ ግን የመልካም ልቡን ዋጋ ለጠመንጃው ሰጠን። የልጅቱ ቃል ይህን ሁሉ በሦስት ቃል አጠናቀቀው፤ ጊዜ አላገኘም።

ጊዜ ያገኘው ማኑኤል ፔሬስ ማርቲኔስ ነው።

እርሱ በ1943 ዓ.ም. በእስፓኝ አገር በሳራጎሳ አውራጃ፣ አልፋሜን በምትባል የገበሬዎች መንደር ተወለደ። እንደ ካሚሎ የታላላቅ ልጅ አልነበረም። ካህን ሆኖ ከሁለት ያገሩ ልጆች ጋራ፣ ከዶሚንጎ ላይንና ከሆሴ አንቶኒዮ ሂሜኔስ ጋራ፣ በላቲን አሜሪካ ድሆችን ለማገልገል ባሕር ተሻገረ። በዶሚኒካን ሪፑብሊክም በኮሎምቢያም ሠርቷል፤ በካርታሄና ወደብ ዳር ባሉት የድሆች ሰፈሮች ኖሯል። ባለሥልጣኖች እነዚህን ካህናት አልወደዷቸውም፤ ከአገር አስወጧቸው። እነርሱ ግን በስውር ተመልሰው በ1969 ካሚሎ የሞተበትን ሠራዊት ገቡ።

አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በነሐሴ 1968 ጳጳሱ ጳውሎስ ስድስተኛ ቦጎታ ድረስ መጥተው፣ ለገበሬዎቹ ተስፋቸውን በኀይል ሥራ ላይ እንዳያደርጉ ነግረዋቸው ነበር። ደግሞም በ1967 ባወጡት መልእክት አመፅ ሌላ ግፍ እንደሚወልድ ጽፈው፣ ለረጅም ዘመን የቆየ ግልጽ የሆነ የግፍ አገዛዝ ሲኖር ካልሆነ በቀር የምትል ቃል አክለውበት ነበር። ብዙ ወጣቶች ካህናት ከመልእክቱ ሁሉ መርጠው ይዘው የሄዱት ያችን «ካልሆነ በቀር» ነው። ስለዚህ አልፈርድባቸውም፤ እኔም ከካሚሎ ታሪክ የሚጥመኝን ብቻ ይዤ ኖሬአለሁና።

ከሦስቱ ካህናት ሂሜኔስ በጫካው ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ላይን በ1974 በውጊያ ወደቀ። ማኑኤል ብቻ ቀረ።

የገባበት ሠራዊት በሩቅ የሚታሰበው ዐይነት አልነበረም። አለቃው ፋቢዮ ቫስኬስ የሚባል ሰው ሲሆን፣ የጠረጠረውን ሁሉ በሞት ይቀጣ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ወጥተው የተከተሉት እነ ቪክቶር ሜዲና ሞሮን በ1968 ዓ.ም. በጠላት ሳይሆን በገዛ ጓዶቻቸው ፍርድ ተገደሉ። ማኑኤል ፔሬስም ራሱ አንድ ጊዜ በዚህ ዐይነት ችሎት ፊት ቆሞ ሞት ተፈርዶበት ለጥቂት ተርፏል።

ስለዚህ ነገር ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። አንድ ካህን፣ ድሆችን ወድዶ አገሩን ጥሎ የመጣ ሰው፣ ነጻ ያወጣሉ ባላቸው ሰዎች እጅ በሐሰት ተከስሶ መግደያው ፊት ይቆማል። ከዚያም ይማሩታል። እኔ እንደ መምህር የምጠብቀው፣ ይህ ሰው የጫካ ችሎት ምን እንደ ሆነ በገዛ አንገቱ ስላወቀ፣ ዳግመኛ ማንም ሰው በእንዲህ ያለ ችሎት እንዲቆም እንዳይፈቅድ ነው። እርሱ ግን ከዚያ የተማረው ሌላ ሆነ፤ መታገሥን፣ መታዘዝንና አለመሄድን ተማረ። ሠራዊቱ በ1973 በአኖሪ ዘመቻ ተመትቶ፣ የአለቃው ወንድሞች ሞተው፣ አለቃውም ራሱ በ1974 ወደ ኩባ ሄዶ ሳይመለስ ሲቀር፣ ብዙዎች ተስፋ ቈርጠው ሲበተኑ፣ ማኑኤል አልሄደም። በጥቂት ደርዘን የሚቈጠሩ የተራቡ ሰዎች ቀሩ። እነርሱን ያሰባሰበው፣ ከኒኮላስ ሮድሪጌስ ጋራ ሆኖ እንደገና ያቆማቸው፣ በ1980ዎቹም የሁሉ የበላይ የሆነው እርሱ ነው።

ስለ ጠባዩ የማይሰወር እውነት አለ። ለራሱ ሀብት አልሰበሰበም። በጫካው ውስጥ ከሰዎቹ ጋራ ኖረ። ከእርሱ በፊት የነበረውን ያንድ ሰው ቈራጭነት አስቀርቶ ነገር በምክር እንዲቈረጥ አደረገ። ሌሎች የዚያ አገር ታጣቂዎች በኮካ ንግድ ሲከብሩ እርሱ ሠራዊቱን ከዚያ ለማራቅ ይጥር ነበር። ሕመም፣ ረኀብና ዝናብ ከሃያ ስምንት ዓመት በላይ ታግሷል። ይህን ሁሉ ሳይጽፉ እርሱን ሽፍታ ብለው ብቻ የሚያልፉ ጸሐፊዎች አሉ። እነዚያ ከእኔ የባሰ እኩሌታ ተናጋሪዎች ናቸው፤ ሰውየው ክፉ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ቀላል ይሆን ነበርና።

አሁን ግን ወደ ሥራው እንምጣ። ሠራዊት ይበላል፤ ይለብሳል፤ ጥይት ይገዛል። በ1983 በአራውካ በካኞ ሊሞን ነዳጅ ተገኘ፤ ከዚያም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ቧንቧ እስከ ካሪቢያን ባሕር ዳር ይዘረጋ ጀመር። ሠራዊቱ ሥራውን ከሚሠራው ከአንድ የውጭ አገር ኩባንያ ብዙ ገንዘብ ተቀበለ፤ አጥንቱ ላይ ሥጋ የበቀለው በዚህ ገንዘብ ነው። ቧንቧው ካለቀ በኋላ ደግሞ፣ የአገሪቱ ነዳጅ ለባዕዳን እየተጋዘ ነው በማለት በየጊዜው በፈንጂ ይመቱት ጀመር፤ በብዙ መቶ የሚቈጠር ጊዜም ተመታ። የፈሰሰውም ነዳጅ የኩባንያው ባለቤቶች ወደሚኖሩበት አገር አልሄደም፤ የዚያው የአራውካ ገበሬ ከብት ወደሚያጠጣበት፣ ሚስቱም ልብስ ወደምታጥብበት ወንዝ ነው የገባው።

ሁለተኛው ገቢ ሰው ማገት ነው። ሀብታም ነው የተባለ ሰው ተይዞ ጫካ ይወሰዳል፤ ዘመዶቹ እስኪከፍሉ ይቈያል። በዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ገበሬው ተበድሏል፤ ባለመሬቱም በዳይ ነው እንበል። ነገር ግን ታጋቹ ሰው በተያዘ ጊዜ ስለ በደሉ የሚጠይቀው የለም፤ የሚጠየቀው ስንት እንደሚያወጣ ነው። ክርስትና ስለ ሰው ካስተማረችው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብባል፣ ሰው ዋጋ አይወጣለትም የሚለውን እመርጣለሁ። ካህኑ አለቃ በሚያዝዘው ሠራዊት ግን በሰው ላይ ዋጋ መተመን የዘወትር ሥራ ሆነ፤ በየጫካው በሰንሰለት የተቀመጠ ሰው፣ በየቤቱም ስልክ እስኪደወል የምትጠብቅ እናት ነበረች። በአንድ ጊዜ ቍጣ የተደረገ ግድያ ንስሓ ይገባበታል። በመዝገብ ተይዞ በየወሩ ለሚሠራ ሥራ ግን ንስሓው መቼ ይሆናል?

በ1987 ሌላ ቡድን ከእነርሱ ጋራ ሲዋሐድ በሠራዊቱ ስም ላይ የካሚሎን ስም ጨመሩበት። በየክፍሉም የሞቱትን ጓዶች ስም ይሰይሙ ነበር፤ በአራውካ ያለው ክፍል በካህኑ በዶሚንጎ ላይን ስም ተጠራ።

በዚያው በአራውካ ሄሱስ ኤሚሊዮ ሐራሚዮ የሚባል ጳጳስ ነበር። በ1916 የተወለደ፣ ከሚሲዮናውያን ማኅበር የወጣ ሽማግሌ ነው። በ1970 ወደዚያ ምድር ሲመጣ መንገድ የሌለበት በረሓ ነበር፤ በጀልባና በእግር እየዞረ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ እንዲሠራ ያደርግ፣ ገበሬዎችን በማኅበር ያሰባስብ ነበር። ከሁለት ወገን አንዱን ምረጥ ሲባል አልመረጠም፤ ታጣቂዎቹም የሚያደርጉትን በግልጽ ነቀፈ። ጥቅምት 2 ቀን 1989 የገጠር ምእመናንን ሊጐበኝ በመኪና ሲሄድ የዶሚንጎ ላይን ክፍል ሰዎች አስቆሙት። አብረውት የነበሩትን ለቀቁ፤ እርሱን አስቀሩ። በማግሥቱ አብሮት የነበረው ወጣት ካህን ተመልሶ ሲፈልገው በጥይት ተመትቶ መንገድ ዳር ተጥሎ አገኘው። ዕድሜው ሰባ ሦስት ነበር።

ሠራዊቱ ሥራው የእርሱ መሆኑን አልካደም። ጳጳሱ የጠላት ወገን ነው የሚል ክስ አቀረበበት። ክሱን ያቀረበ፣ የፈረደና የገደለ አንድ ነው።

እንግዲህ አንባቢዬ ነገሩን በዐይነ ልቡናው ይመልከተው። በሟች ካህን ስም የተጠራ ክፍል፣ በሌላ ሟች ካህን ስም በተጠራ ሠራዊት ውስጥ፣ በሕይወት ባለ ካህን አለቃነት፣ አንድ ሽማግሌ ጳጳስ ገደለ። ቃታውን የሳበው ማኑኤል ፔሬስ አይደለም። ነገር ግን በገዛ አንገቱ የሚያውቀውን ዐይነት ችሎት ነው ሰዎቹ ለሽማግሌው ያቆሙለት። ለእርሱ ያን ጊዜ የተደረገው ምሕረት ለጳጳሱ አልተደረገም። እርሱም ከዚህ በኋላ ስምንት ዓመት ያህል በአለቃነቱ ቀጠለ።

ወጣት አንባቢ ይህን ሲያነብ አንድ ነገር ሊመልስልኝ እንደሚነሣ አውቃለሁ። «ግፈኞቹስ? ገበሬውን ከመሬቱ የሚያፈናቅሉት፣ የሠራተኛ ማኅበር መሪዎችን የሚያስገድሉት፣ ያን ሁሉ እያዩ ዝም የሚሉት ካህናትስ?» ይለኛል። ልክ ነው። በኮሎምቢያ ባለመሬቶችና የኮካ ነጋዴዎች ያቆሟቸው ነፍሰ ገዳዮች ከደፈጣ ተዋጊዎቹ ይበልጥ ሕዝብ ፈጅተዋል። የመንግሥቱም ወታደሮች ድሀ ወጣቶችን እየገደሉ የጠላት ልብስ አልብሰው በድል መዝገብ ያስጻፉበት ጊዜ ነበር። በ1965 ካርዲናሉ ካሚሎን ሲገሥጽ፣ ካሚሎ ስለ ተናገረለት ድሀ ያን ያህል ቢቈጣ ኖሮ ምናልባት ታሪኩ ሌላ በሆነ ነበር። ደኅና ደመወዝና ደኅና ቤት ይዞ፣ ጫካ የገባውን መንቀፍ ለማንም ቀላል ነው፤ ለእኔም ቀላል ነው።

ነገር ግን ይህ መልስ የልጅቱን ጥያቄ አይመልስም። የሌላው ሰው ግፍ ካህኑ ለምን እንደ ተነሣ ያስረዳል፤ ከተነሣ በኋላ ላደረገው ግን ምስክር ሊሆንለት አይችልም። የአራውካው ጳጳስ መሬት አልነበረውም፤ ኩባንያ አልነበረውም። ማኑኤል ባሕር ተሻግሮ ሊሠራ የመጣውን ሥራ ሲሠራ የኖረ ሰው ነበር፤ ያውም በዚያው በድሆች መካከል፣ ያውም ሠራዊቱ በሚያየው ቦታ። ያ ሥራ ያለ ጠመንጃ ሊሠራ እንደሚችል ሕያው ማስረጃ ስለ ነበር ይሆን የከበዳቸው? እንዲህ ሳስብ አላጋነንሁ ይሆናል።

በቤተ ክርስቲያን ሕግ ሰው የገደለ ካህን እጁን ወደ መሥዋዕቱ ማቅረብ አይፈቀድለትም፤ ይህ ጥንታዊ ሕግ ነው። ወጣት ሳለሁ ሕጉን እንደ ወግ እቈጥረው ነበር። አሁን ግን ጥበብ ያለበት መሆኑ ይታየኛል። ካህን የሰዎችን ኅሊና የማሰርና የመፍታት ሥልጣን አለው፤ ሰው ኀጢአቱን ይዞለት ይመጣል፤ እርሱም በእግዚአብሔር ስም ይፈታዋል። ይህን ልማድ የያዘ ሰው የጦር አለቃ ሲሆን፣ ከሌላው አለቃ የሚብስበት አደጋ አለ። ተራው አለቃ ሲያስገድል እጁ እንደ ቈሸሸ ያውቃል፤ ሌሊት እንቅልፍ ይነሣዋል። ካህኑ አለቃ ግን ሥርየቱን ከትእዛዙ ጋራ አብሮ ይዞት ይዞራል። ወታደሮቹም አባታችን ያዘዘው ነው ብለው ይተኛሉ። ለራሱ ምንም አለመፈለጉ ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል። ለኪሱ ብሎ የሚያግተውን ሰው ቢያንስ ኪሱ ሲሞላ ይበቃዋል፤ ለፍትሕ ብሎ የሚያግት ግን የሚበቃው የለም።

ካሚሎ ልብሰ ተክህኖውን ያወለቀው ጠመንጃውን ከመያዙ በፊት ነው። ይህን ስላደረገ አከብረዋለሁ፤ ሁለቱ በአንድ እጅ እንደማይያዙ ያውቅ ነበር ማለት ነውና። ተመልሼ እቀድሳለሁ ያለው ተስፋው ግን ያሳዝነኛል። የሄደበት መንገድ ወዴት እንደሚያደርስ የሚያውቅ ሰው ያን አይናገርም ነበር።

ማኑኤል ፔሬስ የካቲት 14 ቀን 1998 በጫካ ሳለ በጉበት በሽታ ሞተ። ዕድሜው ሃምሳ አራት ነበር። በጥቂት ደርዘን የተረከበው ሠራዊት በብዙ ሺሕ ሆኖ ቀረ። በዚያው ዓመት ጥቅምት 18 ቀን ሌሊት ሰዎቹ ማቹካ በምትባል መንደር አጠገብ የነዳጅ ቧንቧ በፈንጂ መቱ። ነዳጁ በቍልቁለቱ ወርዶ ወንዙን ተከትሎ መንደሪቱ ደረሰና ተቃጠለ፤ በየእንጨት ቤታቸው ተኝተው የነበሩ ሰማንያ አራት ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። ድሆች ናቸው፤ ካህኑ ባሕር የተሻገረላቸው ዐይነት ሰዎች ናቸው። እርሱ ከሞተ ስምንት ወር ሆኖታልና ይህን አላዘዘም። ቧንቧን በፈንጂ መምታት የዘወትር ሥራ እንዲሆን ያደረገው ግን እርሱ ሲመራው የነበረ ሠራዊት ነው።

ሠራዊቱ ከዚያም በኋላ አልፈረሰም። ከመንግሥት ጋራ ዕርቅ እየጀመረ እየተወ ኖረ። በጥር 2025 በካታቱምቦ አውራጃ ከሌሎች ታጣቂዎች ጋራ ተዋግቶ ከ50,000 በላይ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ሸሹ፤ የዕርቁም ንግግር ቆመ። ከኮካው ንግድ መራቅ የሚባለውም ነገር ከሟቹ አለቃ ጋራ ተቀብሯል።

ጳጳሱን ሐራሚዮን በተመለከተ፣ በመስከረም 2017 ጳጳሱ ፍራንሲስኮስ ቪያቪሴንሲዮ በምትባል ከተማ ብፁዕ ብለው ሰይመዋቸዋል። በዚያው ቀን ፔድሮ ማሪያ ራሚሬስ የሚባሉ ሌላ ካህን አብረው ተሰይመዋል፤ እርሳቸው ደግሞ በ1948 ጋይታን በተገደለ ማግሥት አርሜሮ በምትባል ከተማ በተቈጣ ሕዝብ የተገደሉ ናቸው። በዕለቱ ከየወገኑ የተጐዱ ሰዎች፣ ቀድሞ ታጣቂ የነበሩም፣ አብረው ተቀምጠው ነበር።

ያች ልጅ ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም፤ ትልቅ ሰው ሆናለች። ከጡረታ በኋላ አልፎ አልፎ ወደ ትምህርት ቤት ተጠርቼ ለወጣቶች አንድ ነገር እንድናገር እለመናለሁ፤ አሁንም ይህንኑ ታሪክ እነግራለሁ። የምጀምረው ግን ከካሚሎ አይደለም። የምጀምረው በአራውካ ገጠር መንገድ ላይ ከቆመችው መኪና ነው፤ በሩንም አልዘጋም። ከዚያ ወደ ኋላ እየሄድሁ ማን እንዳስቆማት፣ የአስቆሟት ሰዎች በማን ስም እንደሚጠሩ፣ ያ ስም የማን እንደ ነበር እየገለጽሁ ካሚሎ ዘንድ ስደርስ፣ ብዙውን ጊዜ ደወሉ ይደወልብኛል።